የሪህ መድኃኒትና የመጠኑ ነገር

በአማርኛችን «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። «መድኃኒት አገኘሁ» ያለ ሰው ሊድን ነው፤ «መድኃኒት አቀመሱት» ከተባለ ግን ሰውየው ተመርዟል። አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ቃል የሰጡት ቃል ቸግሯቸው አይመስለኝም። የሪህ መድኃኒት ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል።

ሪህ ስል ጉልበት በብርድ ሲቆረጥም የምንለውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። ሐኪሞች «ጋውት» የሚሉትን፣ ሌሊት ድንገት ተነስቶ የእግርን አውራ ጣት እንደ እሳት የሚያቃጥለውን ነው። በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሠርቶ መገጣጠሚያ ላይ ሲከማች የሚመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲድናም በ1683 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ በራሱ እግር የደረሰውን ነበር የሚናገረው። የአንሶላ ክብደት እንኳ እንደማይቻል ያውቀዋል።

መድኃኒቱ ኮልቺከም ከምትባል ባለ ሐምራዊ አበባ ተክል የሚገኝ ነው። ስሟን ያገኘችው በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬዋ ጆርጂያ ከነበረችው ከኮልኪስ ምድር ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የትራሌሱ አሌክሳንደር የሚባል ሐኪም ለሪህ የዚህን ዓይነት ተክል ያዝ ነበር። ታዲያ ተክሏ ሪህን ብታስታግስም ሆድን ታዋክባለች፤ ስትበዛም ትገድላለች።

በ18ኛው መቶ ዓመት ኒኮላ ሁሶን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን አንድ ምሥጢራዊ የሪህ «ውሃ» ይሸጥ ጀመር። ሕመምተኛው ይሻለዋል፤ ምን እንደጠጣ ግን አያውቅም። በ1814 ጆን ዋንት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ምሥጢሩ ኮልቺከም መሆኑን አጋለጠ። በ1820 ደግሞ ፈረንሳውያኑ ፔልቲዬና ካቫንቱ ዛሬ ኮልቺሲን የምንለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት።

ምሥጢሩ ቢገለጥም መጠኑ ገና ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት እንኳ የተለመደው ትእዛዝ «በየሰዓቱ አንድ ክኒን፣ ሕመሙ እስኪለቅ ወይም ተቅማጥ እስኪይዝህ» የሚል ነበር። የሰውየው ሆድ ሚዛን ሆነ ማለት ነው! በ2010 የታተመ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። በአንድ ሰዓት ውስጥ በድምሩ 1.8 ሚሊግራም የወሰዱትና በስድስት ሰዓት 4.8 ሚሊግራም የወሰዱት ሰዎች መሻላቸው ተቀራራቢ ነበር። ተቅማጥ የያዛቸው ግን ትንሽ ከወሰዱት ከመቶው 23፣ ብዙ ከወሰዱት ከመቶው 77 ሆኑ። ለካ ያ ሁሉ ስቃይ ትርፍ ኖሯል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 እንዳስታወቀው፣ በአፍ ከሚወሰድ ኮልቺሲን ጋር ከተያያዙ 169 ሞቶች ውስጥ 117ቱ የደረሱት በተለመደው መጠን ነው። ከነዚህም 60ዎቹ ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ አብረው ይወስዱ ነበር። ይህ መድኃኒት ኮልቺሲን ከሰውነት እንዳይወጣ ያግደዋል።

አንባቢዬ፣ ክላሪትሮማይሲን ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት አንዱ እኮ ነው። እንበልና አንድ የጨጓራ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቅዳሜ ማታ ሪህ ተነሳበት። ጎረቤቱ «እኔን ያዳነኝ ይኸው» ብሎ ሁለት ክኒን ያቀብለዋል። ደግነት ነው፤ ግን ያ ደግ ሰው የሕመምተኛውን ኩላሊትም ጉበትም አያውቅም። ኮልቺሲን ደግሞ እነዚህ ሲደክሙ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። በዲክሎፌናክ ልተካው ቢልም ለኩላሊት፣ ለጨጓራና ለልብ ሕመምተኛ እሱም የራሱ ጦስ አለው።

ስለዚህ የታዘዘልዎን ሕመሙ እንደጀመረ ቶሎ ይውሰዱ፤ አልለቀቀኝም ብለው ግን በራስዎ አይድገሙ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የጨጓራውንም ጭምር፣ ለሐኪሙና ለፋርማሲስቱ ይንገሩ። በየቀኑ አሎፑሪኖል የሚወስዱ ከሆነ ሕመሙ ስለተነሳ ብቻ አያቋርጡት፤ የእሱ ሥራ ዩሪክ አሲዱን መቀነስ እንጂ የዛሬውን ሕመም ማስታገስ አይደለም። ተቅማጥና ትውከት ከመጣ ወይም ጡንቻ ከዛለ ግን መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል። ከመርዝ የተቀዳ ክኒንማ እንዴት አይመር?