ከእንጦጦ ማርያም እስከ ረጲ፦ የከተማ ቆሻሻና የፌስታል ሕግ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን፣ የቤት ጥራጊ በአብዛኛው አመድ፣ ገለባና የእህል ዝቃጭ ስለ ነበረ አፈር መልሶ ይረከበው ነበር። ዕቃም የሚያዘው በአቁማዳና በዘንቢል ነበር። ከዚያው ተራራ ግርጌ የሚነሡት ቀጨኔና ቀበና ዛሬም ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ ነገር ግን የክረምቱ ጐርፍ አፈር የማይቀበለውን ፌስታል ጨምሮ ይወስዳል።

ከተማው ሲሰፋ ቆሻሻው ራቅ ወዳለ ሥፍራ መጣል ነበረበት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በረጲ የተከፈተው፣ ሕዝቡ «ቆሼ» የሚለው ሥፍራ፣ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር፤ ኋላ ግን መኖሪያ ቤቶች ከበቡት። ምትክ እንዲሆን በሰንዳፋ የተሠራው ማስወገጃ፣ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ ሲቆም፣ ጭነቱ ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ የተመረቀው የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ወንዝ የወሰደው ፌስታል ከምድጃው አይደርስም።

ቆራሌው ቆርቆሮና ጠርሙስ ገዝቶ ወደ ምናለሽ ተራ የሚወስደው ዋጋ ስላላቸው ነው። ስስ ፌስታል ግን ቀላልና ቆሻሻ የያዘ በመሆኑ ለሰብሳቢው ድካም የሚበቃ ገንዘብ አያወጣም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 በአፈር የማይበሰብስና ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ሲከለክል፣ ወፍራሙ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል ከሚል አስተሳሰብ ጋር የሚስማማ ነበር። ዳሩ ግን በጉልት ገበያ ይህን ውፍረት በዓይን ለይቶ የሚያውቅ ገዥ አልነበረም፤ ስሱ ፌስታልም ከገበያ አልጠፋም።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በትላልቅ መደብሮች የተለመደውን ፌስታል ከለከለ። በኋላ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ሲወጣ ወፍራሙን ፌስታል ደጋግሞ የሚያገለግል ነው በማለት እንዲሸጥ ፈቀደ። ሕዝቡ ግን ወፍራሙንም እንደ ስሱ አንድ ጊዜ ይዞ ይጥለው ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ እርሱንም ከመደብር መውጫዎች አገደ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዲስ አዋጅ የውፍረቱን መለኪያ ትቶ ፌስታልን በጠቅላላው ከልክሏል። ይህ ለተቆጣጣሪው ሥራውን ያቀልለታል፤ የገበያተኛውን እጅ ግን ባዶ ያስቀራል። ስለዚህ የሕጉ ዕጣ የሚወሰነው እንደ ፌስታል ርካሽና ዝናም የሚችል መያዣ በጉልት ቸርቻሪዋ ደጃፍ በመድረሱ ነው። ያን ሠርቶ ማቅረብ ደግሞ ከሕግ አውጪው ይልቅ የባለሙያው ድርሻ ነው።