መጫኛ፣ ታኮና አስፋልት፦ የጅማ ቡና የተጓዘበት ልክ

ብዙ ሰው የመኪናን ጉልበት በሞተሩ ይለካል። ሞተሩ ግን ጎማውን ከማዞር ያለፈ ሥልጣን የለውም። መኪናውን ወደፊት የሚገፋው መሬት ነው፤ ጎማው መሬቱን ወደኋላ ሲገፋ መሬቱ መልሶ ይገፋዋል። ይህን የሚያስችለው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃም ልክ አለው። ልኩ ሲታለፍ ጎማው ይንሸራተታል። ቡና ከጅማ ወጥቶ የሄደበት ታሪክ ከዚህ ልክ ጋር የተደረገ የረጅም ዘመን ድርድር ነው።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከ1870ዎቹ እስከ 1925 ዓ.ም.፣ ሂርማታ ከሩቅ የመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። ሸክሙ የሚጓዘው በበቅሎ ጀርባ ነው። ጫኚው መጫኛውን ስቦ የሚያጠብቀው ሸክሙ እንዳይወድቅ ብቻ አልነበረም፤ ሸክሙ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ በጠበቀ መጠን ሰበቃው ይጨምራል፣ አቀበት ላይም አይንሸራተትም። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ ሰበቃ የሚያድገው ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ በተጫጫኑበት ኃይል ልክ ነው። ሲራራ ነጋዴው ይህን ከመጫኛው ተምሮት ነበር።

ከዚያ ጎማ መጣ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያደርሰውን የመኪና መንገድ ሠራ። መንገዱ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ዳገት ይወጣል። ከነፃነት በኋላም በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ጭቃ ላይ ሞተር ብቻውን አያዋጣም። ሾፌሩ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ጎማው ባለበት እየዞረ ጉድጓዱን ያጠልቃል። ለዚህ ነው ጎማ ላይ ካቴና የሚታሰረው፤ ለዚህም ነው ረዳቱ ታኮ ይዞ የሚዘለው። ታኮ የሚገባው መኪናው መንሸራተት ሳይጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ሻርል ኩሎምብ በሙከራ እንዳሳየው፣ አንድን የቆመ ነገር ማስነሳት እየተንሸራተተ ያለውን ከማስቀጠል የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። መንሸራተት አንዴ ከጀመረ መሬቱ የሚይዝበት አቅም ይቀንሳል፤ ጎማው የታሰረ መኪናም መሪ አይሰማም።

ጠጠርና አስፋልት ይህን ልክ ከፍ አደረጉት። አስፋልቱ የጨመረውን አቅም ግን ፍጥነት በላው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ፣ የሰበቃው መጠን 0.8 ቢሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ18 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል። ዝናብ መጠኑን ወደ 0.4 ቢያወርደው 35 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

“ሲጫን መንገድ ይነክሳል” የሚለው ሐሳብ ግማሽ እውነት ነው። ክብደት የሚገፋውን የኋላ ጎማ ዳገት ላይ ይረዳዋል። ፍሬን ላይ ግን ክብደቱ ሰበቃውን በጨመረው ልክ መቆም ያለበትን ግዝፈትም ይጨምራል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ጭነት የመኪናውን መቆሚያ ርቀት አያሳጥርም፤ ፍሬኑን ግን የበለጠ ያግለዋል። የጆንያውና የመኪናው ወለል ሰበቃም የራሱ ልክ አለው። መኪናው ከዚያ ልክ በላይ ሲያዝ ጆንያው ወደፊት ይሄዳል፤ የሚያስቀረው ገመድ ብቻ ነው።

ዛሬ ከአወቱ መንደራ ተነስቶ በክረምት ዝናብ ወደ አዲስ አበባ የሚበር አይሱዙ በሕዝቡ ዘንድ “አልቃይዳ” ተብሏል። አደጋ ሲደርስም መልሱ ብዙ ጊዜ “ፍሬን በጠሰ” ነው። ጎማው ከሟሸሸና መንገዱ ከረጠበ ግን ደህና የሆነ ፍሬንም መኪናውን በጊዜ ላያቆመው ይችላል።

ሾፌሩ ብቻውን ሲወቀስ፣ የሟሸሸ ጎማ ያልቀየረው ባለንብረትና “እስከ ንጋት ድረስ” ብሎ ቀጠሮ የሰጠው ነጋዴ ከወሬው ይወጣሉ። ሲራራ ነጋዴው በቅሎዋ ከማለፏ በፊት መጫኛውን ይፈትሽ ነበር። ከአደጋ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄም ያው መሆን ነበረበት፦ ጎማው ምን ይመስል ነበር? ጭነቱ በምን ታሰረ? በስንት ሰዓት ይድረስ ያለውስ ማን ነው?