የተከፋፈለ ፋይል፦ የሬይድ ስትራይፒንግና የስያሜዎቹ ታሪክ

ስትራይፒንግ አንድን ፋይል እኩል እኩል ቆራርጦ በበርካታ ዲስኮች ላይ በየተራ ማስፈር ነው። ዘዴው ዛሬ አብሮት ከሚነሣው ከሬይድ በዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኬኔት ሳሌምና ሄክቶር ጋርሲያ-ሞሊና «ዲስክ ስትራይፒንግ» በሚል ርእስ ጽሑፍ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት የአይቢኤሟ ሚሼል ኪም ተቀራራቢውን ሐሳብ «ኢንተርሊቪንግ» ብላ አሳተመች። ሁለቱንም ያነሣሣው አንድ ጉዳይ ነው፦ ፕሮሰሰሩ ከዓመት ዓመት ሲፈጥን፣ የሚሽከረከረው ዲስክና እየተንቀሳቀሰ የሚያነበው ክንድ ሊከተሉት አልቻሉም።

ሬይድ የሚለውን ስም ያወጡት በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርት ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። በ1987 መጨረሻ ያዘጋጁት ጽሑፍ በ1988 ቺካጎ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ቀረበ። ሐሳባቸው 7,500 ሜጋባይት የሚይዘውን ውድ የአይቢኤም 3380 ዲስክ፣ ለግል ኮምፒውተር በተሠሩ ባለ100 ሜጋባይት ርካሽ ዲስኮች ስብስብ መተካት ነበር። ስሌቱ ግን አስደንጋጭ ነገር አወጣ። በአማካይ 30,000 ሰዓት የሚያገለግል ዲስክ መቶ ሆኖ ሲሰለፍ፣ ከመካከላቸው አንዱ በየ300 ሰዓቱ፣ ማለትም ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ይበላሻል። ፋይሉ በሁሉም ላይ ተበትኗልና የአንዱ መጥፋት ለሁሉም ይተርፋል። መጠባበቂያ የግድ ሆነ፤ በጽሑፉ የተዘረዘሩት አምስት ደረጃዎችም መጠባበቂያው የሚያዝባቸው አምስት መንገዶች ናቸው። ሬይድ 0 ከአምስቱ አንዱ አልነበረም። ስሙ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ ዜሮው መጠባበቂያ የሌለው ስትራይፒንግ ብቻ መሆኑን ያስጠነቅቃል።

አራት ዲስክ ተሰልፎ ቁራጩ 64 ኪሎባይት ቢሆን፣ የፋይሉ የመጀመሪያ 64 ኪሎባይት በአንደኛው ዲስክ፣ ቀጣዩ በሁለተኛው እያለ አራተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ዙር ይሞላል፤ አምስተኛው ቁራጭ ተመልሶ አንደኛው ላይ ያርፋል። 256 ኪሎባይት የሚይዘው ሙሉ ዙር ስትራይፕ ይባላል። ቁራጩ ግን ስመ ብዙ ነው፦ ፒተር ቼንና ፓተርሰን በ1990 «ስትራይፒንግ ዩኒት» አሉት፣ የማከማቻ ኢንዱስትሪው ማኅበር የስኒያ መዝገበ ቃላት «ስትሪፕ» ይለዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ «ቸንክ»። ጣጣ የሚያመጣው «ስትራይፕ ሳይዝ» ነው፤ በአንዱ መሣሪያ 64ቱን፣ በሌላው 256ቱን ያመለክታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ባለሙያ ያንኑ ቁጥር ቢያስገባ አራት እጥፍ የሚለይ ቁራጭ ያገኛል። ለዚህ መምታታት በር ስለማይከፍት የሊኑክሱ ቃል ከሁሉም ይሻላል።

በሬይድ 5 ከዙሩ አራት ቁራጮች አንዱ ፓሪቲ ስለሆነ ለዳታ የሚተርፈው 192 ኪሎባይት ነው። ፓሪቲ የሚሰላው ሦስቱን ቁራጮች ቢት በቢት አገናዝቦ ነው። ቢቶቹ 1፣ 0 እና 1 ከሆኑ የ1ዎቹ ብዛት ተጋማሽ በመሆኑ ፓሪቲው 0 ይሆናል፤ መካከለኛው ዲስክ ቢበላሽ የጠፋው 0 እንደነበር ከቀሩት ሦስቱ ይታወቃል። በሬይድ 4 ፓሪቲው ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ ስለሚከማች የሚጻፈው ሁሉ እዚያ ወረፋ ይይዛል፤ ሬይድ 5 ቦታውን በየዙሩ እያዛወረ ወረፋውን አቃለለ። ያም ሆኖ ለትንሽ ለውጥ አሮጌውን ዳታና አሮጌውን ፓሪቲ ማንበብ፣ ከዚያ ሁለቱንም አድሶ መጻፍ ያስፈልጋል። ዙሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲጻፍ ግን ፓሪቲው ከአዲሱ ዳታ ብቻ ስለሚሰላ ማንበብ ይቀራል። ለዚህ ሲባል እንደ ኤክስኤፍኤስ ያሉ ፋይል ሲስተሞች ሲፈጠሩ የቁራጩ መጠንና የዙሩ ስፋት ይነገራቸዋል። ከላይ ላለው ሬይድ 5 የሚሰጠው 64 ኪሎባይትና 3 ነው፤ በየዙሩ ፓሪቲ የሚይዘው ዲስክ ከስፋቱ አይቆጠርም።