ፈንጂ ነቃዩ መኮንን በመተማ መንገድ

መተማ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት ጦርነት ነው። ከ52 ዓመት በኋላ በዚያው ድንበር ሌላ ጦርነት ተካሂዷል፤ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ፋሽስት ጣሊያንን ለማስወጣት ከሱዳን የተነሣው የእንግሊዝ ጦር በብዛት ህንዳውያንን ያቀፈ ነበር፤ 4ኛውና 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ይባላሉ። በከረን ተራሮች የተዋጉት የፑንጃብ ሬጅመንቶች ሲኽ፣ ሙስሊምና ሂንዱ ወታደሮችን ጎን ለጎን አሰልፈዋል።

የመተማው ውጊያ ግን በሽንፈት ነው የጀመረው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም ከመተማ ፊት ለፊት ያለችውን ጋላባትን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ የታንኮቹ ሰንሰለት በፈንጂና በድንጋይ ተበጠሰ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሰማዩን ተቆጣጠሩት፣ ጥይት የጫነ መኪና ፈነዳ፤ የእንግሊዙ ኤሴክስ ሻለቃ ጦር ወታደሮች ደንግጠው ሸሹ። ስሊምም አፈገፈገ።

ጥፋቱ የማን ነበር? አንዳንዱ በሻለቃ ጦሩ፣ አንዳንዱ በታንኮቹ፣ አንዳንዱ በአየር ሽፋን ማጣት ያሳብባል። ስሊም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ያመካኘው በሌላ ሰው አይደለም። መተማን ለማጥቃት ዕድሉ እያለኝ ስጋቴን ሰምቼ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ጣሊያኖቹም ራሳቸው ሊለቁ ተቃርበው እንደነበር የሚጠቁም ነገር ነበር፣ ይላል። በፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ላይ ሆኖ ራሱን የሚወቅስ ሰው ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሚዛን ይደፋል።

በዚያ ማፈግፈግ ውስጥ የ22 ዓመቱ ህንዳዊ ምክትል የመቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ነበረ። የጠላትን መንገድ ለመዝጋት የተጠመደ ፈንጂ አልፈነዳ ሲል በጥይት መሐል ሮጦ ሥራውን ጨረሰ። ለጀግንነቱ ኒሻን ቢታጭም ዝቅ ባለ ምስጋና ታለፈ።

ከጥር 23 ለ24 አጥቢያ ጣሊያን መተማን ለቀቀ። ባጋት በሰንሰለት በሚሄደው ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከሰልፉ ፊት ሆኖ በጎንደር መንገድ ፈንጂ እየነቀለ ገሠገሠ። በአራት ቀን 88 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ 15 የፈንጂ ቀጠናዎችን አጸዳ፤ ከንጋት እስከ ምሽት። ተሽከርካሪው ሁለት ጊዜ ፈንጂ ረግጦ አብረውት የነበሩ ሰዎች ሲጎዱ፣ በሦስተኛው ደግሞ ደፈጣ ውስጥ ሲገባ ሥራውን አላቆመም። የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀዶ «ይተኩህ» ቢሉት፣ አሁን ከማንም በላይ ሥራውን የማውቀው እኔ ነኝ ብሎ እምቢ አለ። ሰኔ 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን የሆነውን ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ኒሻን ያገኘ የመጀመሪያው ህንዳዊ መኮንን ነው።

ስለ ቤተሰቡና ስለ ኋላ ሕይወቱ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1918 ጎራክፑር የተወለደው ባጋት የመሐንዲስ ልጅ ነው። ባለቤቱ ሞሂኒ ትባላለች፤ ልጃቸው አሻሊ ቫርማ የሁለቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትማለች። ብርጋዴር ሳለ፣ ህንድ እ.ኤ.አ. በ1962ቱ የቻይና ጦርነት በደረሰባት ሽንፈት ላይ ከጄኔራል ሄንደርሰን ብሩክስ ጋር ያዘጋጀው ዘገባ በይፋ ሳይወጣ ቀርቷል። በኋላ ሌተና ጄኔራል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1975 አረፈ።

አንድ ነገር ግን አይዘነጋ። ባጋት የእኛን መንገድ ሲያጸዳ የገዛ አገሩ በቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ህንድ ነፃ የወጣችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ጣሊያን መተማን የለቀቀበት ጥር 23 ደግሞ ለአዊ ሕዝብ ትልቅ ቀን ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ እንጅባራ ላይ የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን የሚዘክርበት። ከበዓሉ ንግግሮች በአንዱ የባጋት ስም ቢነሣ ከዓድዋ ክብር የሚቀነስ የለም። ከጥርባ እስከ ዳንግላ ያለ ተማሪም ነፃነት ያጣ የሌላ አገር ልጅ ለእኛ ነፃነት እንደተዋጋ ይማርበታል።