የከሰል መስመር ምን ይናገራል?

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ መቂና ወደ ባቱ የተጓዘ ሰው በመንገድ ዳር ለሽያጭ የቆመውን የከሰል ጆንያ ያውቃል። የስምጥ ሸለቆው ግራር ተቆርጦ አፈር ይለብስና አየር ባነሰው እሳት ቀስ ብሎ ይከስላል። ይህ ለምድጃ የምናውቀው ነገር ከጥንት ጀምሮ የሠዓሊ መሣሪያም ነው። በፈረንሳይ አገር፥ በሾቬ ዋሻ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሣሉት አውሬዎች ከ30,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው የታወቀው ከሰሉ ራሱ ተመርምሮ ነው።

የዋሻው ሰው የሣለው ግን የሚታወቅ አውሬ ነበር። የሰውም ሆነ የእንስሳ መልክ ሳይዝ በመስመርና በጥላ ብቻ ስሜትን የሚገልጸውን ዘመናዊ ረቂቅ ሥዕል በአገራችን ካስተዋወቁት ዋነኛው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። ሐረር ተወልደው በጀርመን አገር፥ በኮሎኝ ከተማ የሥዕል ትምህርት ተምረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ሥራዎቻቸውን በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳዩ። «ይህ የፈረንጅ ነው» ብለው የነቀፏቸው አልጠፉም። ሆኖም በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1981 ግን በስደት እንዳሉ በአሜሪካ አረፉ።

በነቀፋው እኔ አልስማማም። በክታብ ብራና ላይ የሚሣለው ጠልሰም፥ ያ ሁሉ ዓይንና የተጠላለፈ መስመር፥ የማንን መልክ ይመስላል? አያቶቻችን ግን ኃይል አለው ብለው በአንገታቸው አንጠልጥለውታል።

ወደ ከሰሉ ልመለስ። ከሰል የእጅን ነገር አይደብቅም፤ ሲጫኑት ይጠቁራል፥ ሲያላሉት ይሳሳል፥ በጣት ቢያሹት እንደ ጭስ ይበተናል። የቀድሞ ሠዓሊዎች መስመሩን የሚያጠፉት በዳቦ ልብ ነበር (እናቴ ይህን ብትሰማ «በእህል!» ብላ ትቆጣለች)። ቢጠፋም ጨርሶ አይጠፋም፤ ፍለጋው ይቀራል። የእኛ የግራር ከሰል ደግሞ ጠንካራ ስለ ሆነ ወረቀቱን ይቧጭራል።

በዚህ ዓመት እኔም ሞከርሁ። ከታች አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር፥ ከላይ በጣት የታሸ ግራጫ፥ በመካከል በዳቦ ያጠፋኋቸው ጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች፤ ሌላ የለውም። ከሰል ቸርቻሪዋ አክስቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርባ ብዙ አየችው። «በልጅነቴ በመቂ መንገድ የነበረውን ግራር መሰለኝ» አለች። ጣቷን ያሳረፈችው በጠፉት መስመሮች ላይ ነበር።