ቤንዚኑ የሚለው ልክ

በየቤታችን የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አንዲት ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ውኃው ሲሞላ ትነሳና ቧንቧውን ትዘጋለች፤ ሲጎድል ትወርድና ትከፍታለች። መኖሯ ትዝ የሚለን ስትበላሽ ነው። የድሮ ሞተር ሳይክል ካርቡራተርም ሆዱ ውስጥ እንዲህ ያለች ተንሳፋፊ አለችው። የዛሬው ወጌ ስለ እሷ ነው።

ድሮ ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ ጀርመን ውስጥ ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ሞተር በእንጨት አካል ላይ ጭነው ሲነዱ፣ አየሩ በቤንዚኑ ላይ እያለፈ ተኑን ብቻ ይዞ ወደ ሞተሩ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ ሃንጋሪያውያን ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር በስማቸው አስመዘገቡ። ማይባኽም በዚያው ዓመት፣ ከወራት በኋላ፣ የራሱን ይዞ ብቅ አለ። ባንኪ ሐሳቡን ያገኘው አንዲት አበባ ሻጭ አበቦቿ ላይ ውኃ ስትረጭ አይቶ ነው ይባላል።

መርጨቱስ ጥሩ፤ ግን ከምን ከፍታ ላይ? ቤንዚኑ ሁልጊዜ ከመርጫው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። አየሩ በጠባቡ መተላለፊያ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንስና ቤንዚኑ ወደ ላይ ይሳባል። ደረጃው ከፍ ካለ ሞተሩ ይጠግባል፦ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሲብስም ቤንዚን ይፈስሳል። ዝቅ ካለ ደግሞ ይራባል፤ ይግላል፣ ፒስተን እስከ ማቃጠልም ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጣጣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው እንግዲህ!

እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበውን ሆንዳ ሲቢ 750 እንውሰድ። አራት ሲሊንደር፣ አራት ካርቡራተር፣ አራት ተንሳፋፊ! ለመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የተሰጠው ልክ 26 ሚሊ ሜትር ነው። መካኒኩ ካርቡራተሩን አውርዶ ይገለብጠዋል፤ ተንሳፋፊዋ መዝጊያውን ሳትጫነው ገና ስትነካው፣ ከክዳኑ መግጠሚያ እስከ ተንሳፋፊዋ ጫፍ ያለውን ይለካል። ካልተስማማው ትንሿን የናስ ምላስ በስሱ ያጎብጣታል። ይለካል፣ ያጎብጣል፣ እንደገና ይለካል። አራት ጊዜ።

26 ሆነ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ተንሳፋፊዋ ተሰንጥቃ ቤንዚን ጠጥታ ከሆነ ትከብዳለች። የመዝጊያው ጫፍ ካረጀ በደንብ አይዘጋም። ማስመሪያው ይህን ሁሉ አያይም። ስለዚህ ነገር የገባው መካኒክ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ከሥር ካለው ማፍሰሻ ጋር ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይገጥማል፤ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ጎን ወደ ላይ ይይዘዋል። ማፍሰሻውን ሲከፍተው ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ይወጣና ከውስጡ ደረጃ ጋር እኩል ሲሆን ይቆማል። ክፍሉ ሳይከፈት ያለው ልክ ይታያል። (ሲጋራችሁን ግን አደራ ራቅ አድርጉት!)

አንድ ነገር ልጨምር። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ቶሎ ይጠግባል። ያኔ «ደረጃውን ዝቅ እናድርገው» የሚል አይጠፋም። መፍትሔው ግን መርጫውን በጠበበ ቀዳዳ መለወጥ ነው። ደረጃውን መንካት አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት መሸፈን ነው።

ዛሬ ዘመኑ የኢንጀክሽን ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ያወጣችው ጥብቅ የጭስ ደረጃ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎችን በአብዛኛው ከካርቡራተር አላቅቋል። ለከተማ አየር ይበጃል፤ አልቃወምም። የምሳሳለት ለዚያች ቱቦ ነው። ስንት ቦታ ነው ወረቀቱ ላይ «26» ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት፣ ከሥር ግን ቤንዚኑ እየፈሰሰ ያለው? ወረቀቱን የጻፈው ሰው ዋሽቷል አልልም። ለክቶ ይሆናል፤ በደረቁ ለክቶ። ቱቦዋን ሰክቶ ቤንዚኑን የጠየቀ ግን የለም።