የኢትዮጵያ ምክር ቤቶች ሰብሳቢዎችና የሥልጣናቸው ምንጭ

ስለ ፓርላማችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት የወጡትን ሕጎችና የተደረጉትን ምርጫዎች ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው ስብሰባውን የሚመራውን ሰው ነው፤ ይኸውም ወንበሩን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ሲነሣም በማን ፈቃድ እንደሚነሣ ለማስተዋል ነው።

በ1923 ዓ. ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ። የሕግ መወሰኛው አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ፣ የሕግ መምሪያው አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት የሚመረጡ ነበሩ። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ለነገሩ አዲስ መልክ ሰጠው። በ1950 ዓ. ም. በሕዝብ ምርጫ የተቋቋመው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱንና ሁለቱን ምክትሎች በየዓመቱ ከገዛ አባሎቹ መካከል የመምረጥ መብት አገኘ፤ የሕግ መወሰኛው ፕሬዚዳንት ግን እንደ ቀድሞው የዘውዱ ተሿሚ ሆኖ ቀረ።

በክብር የሚበልጠው ተሿሚው እንደ ነበር አያጠራጥርም። በዚያ ወንበር ከተቀመጡት አንዱ የራስ ካሣ ልጅ አሥራተ ካሣ፣ ሌላው እስከ 1966 ዓ. ም. ድረስ የቆዩት ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ ነበሩ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ፓርላማውን ዘጋ፤ ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ያለ ፍርድ ከተገደሉት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች መካከል ሁለቱም ነበሩበት። የተገደሉት በሰብሳቢነታቸው ነው ማለታችን አይደለም፤ ወንበሩን ያገኙበት መንገድና የሞቱበት ምክንያት ግን አንድ ነው፤ እርሱም ለዘውዱ ያላቸው ቅርበት ነው።

ከዚያ በኋላ አገሪቱ 13 ዓመት ያህል ያለ ፓርላማ ቆየች። በ1980 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ሸንጎም በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሰበሰብ ስለ ነበር ብዙ አያቆየንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሰብሳቢውን «አፈ ጉባኤ» አለው። ቀድሞ የዳኞች አለቃ «አፈ ንጉሥ» ይባል ስለ ነበር የሁለቱን ስሞች ልዩነት አንባቢው ሳያስተውለው አይቀርም። አፈ ጉባኤውን የሚመርጠው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። ነገር ግን ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል፣ በተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ፣ በሚያዝያ 2010 ዓ. ም. ተመርጠው ስድስት ወር ያህል ብቻ ከቆዩ በኋላ የሰላም ሚኒስትር ሆነው ሄዱ። ሕግ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል የተባለው ቤት ሰብሳቢውን ለአስፈጻሚው እንዲህ በቀላሉ መልቀቁ ያስደንቃል።

ይልቁንም ትምህርት የሚገኘው ወንበሩን በራሳቸው ፈቃድ ለመተው ከተነሡት ነው። የመጀመሪያዋ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ አልማዝ መኮ በ1993 ዓ. ም. በኦሮሞ ሕዝብ ላይ በደል ይፈጸማል ብለው ሥራቸውን ትተው በአሜሪካ ቀሩ። አቶ አባዱላ ገመዳ በመስከረም 2010 ዓ. ም. የሕዝባቸውና የድርጅታቸው ክብር ተነክቷል በማለት መልቀቂያ ማስገባታቸውን ገለጹ፤ ሆኖም እስከ ሚያዝያ ድረስ በቦታው ቆዩ። ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ደግሞ ምርጫው እንዲራዘም በቀረበው የሕገ መንግሥት ትርጓሜ ምክንያት ሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ. ም. ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ለቀቁ። ሦስቱም ለመልቀቅ ያበቃቸውን ሲናገሩ ሕዝብን፣ ድርጅትን ወይም ሕገ መንግሥትን ጠሩ፤ ምክር ቤቱ ትእዛዜን እንቢ አለኝ ወይም እኔ የእርሱን ቃል መፈጸም ተሳነኝ ያለ ግን አንድም አልነበረም። ኬሪያ ከለቀቁ ከሁለት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ የተቃወሙትን ትርጓሜ አጸደቀ።